«ልፊያ ነው» ተብሎ የሚሰረዝ ዕዳ

አማርኛችን «ልፊያ» የሚባል መልካም ቃል አለው። ሁለት ጓደኛሞች ሳይጣሉ ሲታገሉ፣ አንዱ ሌላውን ከኋላ ሲገፈትር፣ ቆቡን ሲነጥቅ፣ ውሃ ሲረጨው፣ ያ ሁሉ ልፊያ ነው። በቃሉ ውስጥ ቂም የለም፤ እንዲያውም የሚላፉት የሚዋደዱ ናቸው። ዳሩ ግን ይኸው የዋህ ቃል በኮልፌ ቀራንዮ ጋራዦች፣ ብረታ ብረት ቤቶች፣ እንጨት ቤቶችና የሕንፃ ሥራዎች ውስጥ ያልተፈጠረበት አገልግሎት ተሰጥቶታል። ሠራተኛው በባልደረባው ቀልድ ዓይኑ ሲጠፋ ወይም እጁ ሲሰበር፣ አሠሪው «ሲላፉ ነው እኮ! እኔ ምን አገባኝ?» ይላል። የሰፈሩም ሰው ራሱን ነቅንቆ «እውነቱን ነው» ይለዋል። ዕዳው በአንድ ቃል ተሰረዘ ማለት ነው። እኛ ግን አልተሰረዘም እንላለን።

እኛ የሕግ ተማሪዎች አይደለንም። የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ሥራችን ቃል ማንበብ ነው። ከመካከላችን አየር ጤና ያደግን አለን፣ አጠና ተራና ዓለም ባንክ ያደግንም አለን። አብሮ አደጎቻችን ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሩን ጥለው መፍቻ የጨበጡ ናቸው። ስለዚህ ስለ ልፊያ የምንናገረው ከመጽሐፍ አግኝተን አይደለም።

ልፊያ ከየት ይመጣል? «ከልጆቹ ብልግና» የሚል መልስ ዝግጁ ነው። «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ብሎ መተረትም ቀላል ነው። ተረተኛው ግን አንድ ቀን ጋራዥ ውሎ ይይ። ሞተሩ ተፈቷል፣ ዕቃው ከሶማሌ ተራ እስኪመጣ ይጠበቃል። ወይም መብራት ጠፍቷል። አምስትና ስድስት ወጣቶች፣ ትልቁ ሃያ ሁለት ትንሹ አሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ከጧት እስከ ማታ ቆመዋል፤ መቀመጫ የለም፣ ማረፊያ ክፍል የለም፣ ወደ ቤት ሂዱ የሚላቸውም የለም። እጃቸው ላይ ያለው መዶሻ፣ ብሎን፣ የባትሪ አሲድና የኮምፕሬሰር ቱቦ ነው። በዚህ ላይ አዲስ ገቢው ለማጅ አለ፤ መቀለጃ መሆን የሥራ መማሪያ ክፍያው ተደርጎ የሚቆጠር ምስኪን! እንግዲህ እዚህ መካከል ልፊያ ባይነሳ ነው የሚገርመው። ልፊያው የሥራው ልጅ ነው። ከውጭ የገባ እንግዳ አይደለም።

ስለ ኮምፕሬሰሩ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው አደጋውን አያውቀውምና። ማታ ሥራ ሲያልቅ ልጆቹ አቧራቸውን የሚያራግፉት በዚሁ ቱቦ ነው፤ ሻወር ስለሌለ እርሱ ሻወራቸው ነው። አንዱ የሌላውን ጀርባ ይነፋለታል፣ ከዚያ አንገቱን፣ ከዚያ ሳቅ ይጀመራል፣ ከዚያ ቱቦው ወደማይገባው ቦታ ይሄዳል። የቤት መኪና ጎማ ከ2 ባር ጥቂት ከፍ ያለ ነፋስ ይበቃዋል። የጋራዥ ኮምፕሬሰር ግን 7 እና 8 ባር ያጠራቅማል። የሰው አንጀት ደግሞ ጎማ አይደለም፤ በቅጽበት ይቀደዳል፣ በልብስ ላይ እንኳ የተነፋ ነፋስ ዘልቆ ሊገባ ይችላል። ከህንድ ፋብሪካዎችና ወርክሾፖች በዚህ ዓይነት «ቀልድ» የሞቱ ሠራተኞች ወሬ በየጊዜው በጋዜጣ ይወጣል። የሚነፋው ልጅ ሊገድል አላሰበም። ያ ቱቦ ምን እንደሚያደርግ የነገረው ሰው ግን አለ ወይ? መንገርስ የማን ግዴታ ነበር?

አሁን ከጉዳቱ በኋላ ወደሚሆነው እንምጣ፤ የኛ ጠብ ከዚህ ጋር ነው። የአንዱን ብቻ እንናገር፤ የልጁንም የጋራዡንም ስም አንጠራም። ልጁ ቦኔት ሥር አጎንብሶ እየሠራ ነበር። ሁለት ባልደረቦቹ ከወዲያና ከወዲህ ብሎን ይወራወራሉ። እርሱ በጨዋታው ውስጥ አልነበረም፤ ቀና ባለ ጊዜ ብሎኑ ዓይኑን አገኘው። ያ ዓይን ዛሬ አያይም። በሳምንቱ ሽማግሌ ተሰበሰበ። የተጎጂው አባት በአንድ ወገን፣ የወርዋሪው እናት በሌላ ወገን ተቀመጡ፤ ስለ አላህ፣ ስለ ማርያም ተባለ። እናትየው ያላትን ሸጣ የሕክምናውን ከፈለች። ባለ ጋራዡ የት የተቀመጠ ይመስላችኋል? ከሽማግሌዎቹ መካከል! ከሳሽም ተከሳሽም ሳይሆን፣ አስታራቂ ሆኖ። ሲነሳም ለታማሚው ጥቂት ብር ጨምሮ ሰጠና ተመረቀ። ወርዋሪውን በማግስቱ አባረረው። በተጎጂው ቦታ ደግሞ ሁለት ወር ሳይሞላ ሌላ ለማጅ አስገባበት።

ልብ በሉ። እዚህ ላይ ሁለት ድሆች ተካካሱ፣ ባለ ንብረቱ ተመረቀ። መብት የነበረው ችሮታ ሆነ። የሥራ አደጋ የነበረው የሁለት ቤተሰብ ጠብ ሆነ። ይህን ሁሉ ያደረገው ያ አንድ ቃል ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ጥፋት ባይኖርበትም! ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ42/1985 ነበር፣ በ377/1996 ነበር። ስለዚህ «እኔ አልመታሁት» የሚለው መልስ ያልተጠየቀ ጥያቄ መመለስ ነው። አሠሪውን መታህ ያለው የለም።

አዋጁ የሥራ ላይ አደጋን ሲተረጉም ደግሞ ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን በአሠሪው ወይም በሦስተኛ ወገን ድርጊት የደረሰበትን ጉዳት ጨምሮ ይቆጥራል። ከሥራ በፊትም ሆነ በኋላ፣ ሥራ ለጊዜው በተቋረጠበትም ሰዓት፣ ከሥራው በተያያዘ ግዴታ በግቢው ውስጥ በመገኘቱ የደረሰበትንም ይቆጥራል። መብራት ጠፍቶ የቆመው ልጅ እዚህ ውስጥ አለ። ዕቃ የሚጠብቀውም አለ። ማታ አቧራውን የሚያራግፈውም አለ።

አንድ ነገረ ፈጅ «ባልደረባ እኮ ሦስተኛ ወገን አይባልም፣ የድርጅቱ ሰው ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ይከራከር፤ ደስ ይለናል። ባልደረባው ለድርጅቱ ባዕድ ከሆነ ሦስተኛ ወገን ነውና ሕጉ ይይዘዋል። የድርጅቱ ሰው ከሆነ ደግሞ የአሠሪው እጅ ነው፤ እጁ ለሠራው ባለ እጁ ይጠየቃል። ሠራተኛውን ትርፍ ሲያመጣ «የኔ ሰው»፣ ብሎን ሲወረውር «የማላውቀው ሰው» ማለት ግን አይቻልም።

«ራሱ ሲላፋ የነበረውስ?» የሚለው ጥያቄ ከበድ ይላል፣ አንሸሸውም። አዋጁ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪውን ነፃ ያወጣል። ሆን ብሎ እንዳደረሰ የሚቆጠረውንም በተለይ ጠቅሶታል፦ አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ፣ ወይም ሰውነቱንና አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት። ልፊያ የሚል ቃል እዚያ የለም፤ ፈልገን አጣነው። እንግዲህ አሠሪው በግድግዳው ላይ አንዲት መስመር ሳይለጥፍ፣ «በዚህ ቱቦ ሰው አይነፋም» ብሎ አንድ ቀን ሳይናገር፣ ልፊያውን እያየ አብሮ ሲስቅ ከርሞ፣ አደጋው በደረሰ ማግስት «መመሪያ ጣሰ» ሊል ነው? የቱን መመሪያ? የገፋውም የተገፋውም ሁለቱ እየሳቁ ከነበረ፣ የወደቀው ልጅ መውደቁን ሆን ብሎ አላደረገውም። ሆን ብሎ የሳቀውን ሆን ብሎ ከታወረው መለየት የቋንቋ ተማሪ አያስፈልገውም።

ውጭ አገርም ይህ ክርክር ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 በኒውዮርክ አንድ የሐር ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ባልደረባው ለጨዋታ ወደ ሌላ ሰው በወረወረው ፖም ተመትቶ የአንድ ዓይኑን ብርሃን አብዛኛውን አጣ። ዳኛው ካርዶዞ ካሣው ይገባዋል አሉ፤ ምክንያታቸውም ብዙ ወጣት በአንድ ጣራ ሥር ሲሰበሰብ ልፊያ መኖሩ የፋብሪካ ኑሮ ስለሆነ፣ ሰውየው የተጎዳው ፋብሪካው ውስጥ ሳለ ብቻ ሳይሆን ፋብሪካው ውስጥ በመሆኑ ነው የሚል ነበር። እንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 ለአራት ዓመት ያህል ባልደረቦቹን እየጠለፈ ሲጥል የኖረን ሠራተኛ ሳያሰናብት ያቆየ ድርጅት፣ አካል ጉዳተኛ ሠራተኛው በዚያው ሰው ተጠልፎ እጁ ሲጎዳ ኃላፊ ሆኗል። ይኸው አገር እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ጆሮው ሥር ፈንጂ ነገር በመዶሻ ተመትቶበት መስማት የተሳነውን የተቋራጭ ሠራተኛ፣ ቀልደኛው ያደረገው ከሥራው ጋር አይገናኝም፣ ድርጅቱም አላጠፋም ብሎ ባዶ እጁን ሸኝቶታል። እነርሱ በዚያ ክርክር ጥፋት ፍለጋ ይሄዳሉ። የኛ አዋጅ ጥፋት አይፈልግም። በወረቀት ከእንግሊዝ እንበልጣለን፤ አጠና ተራ ላይ ግን ወረቀቱን ያየው የለም።

«ባለ ጋራዡም እኮ ድሀ ነው፣ ሁለት ክሪክና አንድ ኮምፕሬሰር ያለው ሰው ነው» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ታዲያ ኪሳራው ወደ ማን ይሂድ? ከእርሱ ይበልጥ ወደሚደኸየው፣ ወደ ለማጁ እናት? መድን የሚባል ነገር አለ። በ2003 በአዋጅ የተቋቋመ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓትም አለ። ሠራተኛውን ሳያስመዘግብ፣ መዋጮውን ሳይከፍል የኖረ አሠሪ የቆጠበውን ገንዘብ በልቷል፤ አደጋው ሲመጣ ድሀ ነኝ ማለት አያምርበትም። «የተፈረመ ውል የለውም» የሚለውም አይሠራም። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል፤ በጽሑፍ አለመሆኑ የሠራተኛውን መብት አያጠፋም።

የሚገባውስ ስንት ነው? ሕክምናው በአሠሪው ነው። ከሥራ ሲርቅ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት 50 በመቶ። ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጭ ቢሆንና በጡረታ ባይታቀፍ የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ፤ ጉዳቱ በከፊል ቢሆን በልኩ። ለማጅ የሆነ እንደሆነ ስሌቱ በለማጅነቱ ሳንቲም አይደለም፣ ሙያውን ጨርሶ ሊያገኝ ይችል በነበረው ደመወዝ ነው። ይህን ያነበብን ጊዜ ያ ልጅ ትዝ አለን፤ ለእርሱ የተሰጠው «ለመታከሚያ» ተብሎ ነበር፣ ያውም ከጓደኛው እናት።

ሽምግልናን አንጠላም። ሁለቱ ልጆች ቢታረቁ፣ እናትና አባት ቡና ቢጠጡ ደስታችን ነው። ግን ሽማግሌዎቻችን አባቶቻችን፣ እግራችሁ ሥር ሆነን አንድ ነገር እንለምናችሁ። ባለ ጋራዡን ከመካከላችሁ አስነሡት። ወዲያ ማዶ፣ ለብቻው አስቀምጡት። የአደጋውን ዕለት በወረቀት እንዲያሰፍር፣ ለክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት እንዲያስታውቅ፣ የሐኪሙን ማስረጃ ለልጁ እንዲሰጠው ጠይቁት። የይቅርታ ወረቀት ስታስፈርሙም ከጓደኛው ጋር መታረቁን ብቻ ይጻፍ፤ «ከማንም ምንም አልፈልግም» የምትለዋ መስመር አትግባበት። ደግሞም አታጓትቱት፤ የልጁ የካሣ ጥያቄ በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል፣ ዓመቱም ሽማግሌ እየተመላለሰ ሳለ ይቆጠራል።