የተያዘው የት ደረሰ?

በጥቅምት ወር በሣር መካከል ያለፈ ሰው እቤቱ ደርሶ ሱሪውን ሲመለከት ጭጎጎት ተለጥፎበት ያገኛል። ጭጎጎቱ የልብሱን ፊት ይዞ ቀረ እንጂ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናወሳው የእጣቢ ውሃ ማጥሪያ ዘዴም ሥራው እንደዚሁ ነው።

ቆዳ ፋብሪካ ቆዳ ሲያለፋ ክሮም በሚባለው ብረት ይጠቀማል። ቆዳው አብዛኛውን ይይዛል፤ የቀረው ከእጣቢው ጋር ይወጣል። እጣቢው ሳይጣራ ወንዝ ቢገባ፣ ከታች ከብቱን የሚያጠጣውና ጎመኑን የሚያለማው ገበሬ ያልተበደረውን ዕዳ ይከፍላል። ቆዳ ፋብሪካዎች በሚበዙባት በሞጆ የወንዙ ነገር ለረዥም ጊዜ ሲያነጋግር ኖሯል። ክሮም እንደ ቅጠል በስብሶ የሚጠፋ ነገር አይደለምና።

ለዚህ መላ ይሆናሉ ተብለው ከሚጠኑት አንዱ የሸርጣን ቅርፊት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1811 ዓ.ም. ብራኮኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ከእንጉዳይ አንድ ጠንካራ ነገር ለይቶ አወጣ፤ ይኸውም ኋላ ኪቲን የተባለው ነው። የሸርጣን ቅርፊትና የአንበጣ ክንፍም ይህንኑ ይዘዋል። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ሩዤ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ኪቲንን በብርቱ አልካሊ ቀቅሎ ለወጠው። ዛሬ ኪቶሳን የምንለው ይህ ነው። ኪቶሳን ናይትሮጅን ያለባቸው ብዙ ትንንሽ ቅርንጫፎች ስላሉት፣ በውሃው የሟሟውን ብረትና የልብስ ማቅለሚያ ልክ እንደ ጭጎጎቱ በገጹ ላይ ይይዛል።

እኛ ግን ሸርጣን የሚታፈስበት ባሕር የለንም። ስለዚህ የአገራችን ተመራማሪዎች የጤፍ ጭድንና የቡና ገለባን ለዚሁ ሥራ ፈትነዋል። እነዚህም ዋጋቸው ርካሽ ሲሆን ብረትን የሚይዝ ገጽ አላቸው።

ነገር ግን አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። የተያዘው ክሮም አልጠፋም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ። ጭጎጎቱን ለቅሞ በጎረቤት ጓሮ የሚጥል ሰው ልብሱን ቢያጠራም አረሙን ዘርቷል። ክሮም የጠገበው ጭድም ከወንዝ ዳር ቢጣል ዝናብ መልሶ ያጥበዋል። ስለዚህ ወይ በአሲድ ታጥቦ ክሮሙ ለዳግመኛ ሥራ መዋል አለበት፤ ወይም ውሃ በማያሰርግ ጉድጓድ መቀበር አለበት።

እንግዲህ ነገ የፋብሪካ መዝገብ ይዞ የሚመረምር ወጣት ሹም «ውሃው ጠራ ወይ?» ብሎ ብቻ አይመለስ። «የተያዘውስ የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቅ።