ጭላዳው ሲግጥ

ከጎንደር ማልዶ የተነሳ የጎብኚ መኪና መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። የመግቢያው ክፍያ ይከፈላል፣ የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ይሳፈራል፤ የስሜን ተራሮች ፓርክን በር አለፍ እንዳሉም እንግዶቹ ወርደው የጭላዳውን መንጋ ይከባሉ። ባለጎፈሩ ወንድ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ ፎቶ ለማንሳት ይጠጋሉ፤ መንጋው ፈንጠር ሲል ደግሞ ይከተሉታል። ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል። በስሜን ተራሮች ሊታይ ከሚገባው ሁሉ አንዱ ትልቁ ነገር የጭላዳ አበላል ነው፤ ጉብኝታችን ግን ያንኑ እያቋረጠ ነው።

በዓለም ካሉት የዝንጀሮ ዘሮች መካከል ሳር ግጦ የሚኖረው ጭላዳ ብቻ ነው። ተቀምጦ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሳሩን ይነጫል፤ መዳፉ ሲሞላ ወደ አፉ ይሰዳል፤ የፊቱ ሲያልቅበት ሳይነሳ በመቀመጫው ተንፏቆ ከሚቀጥለው ይደርሳል። ሌሊቱን በገደሉ ላይ ስለሚያድር፣ የሚበላው ጠዋት ሜዳው ላይ ከወጣበት እስከ ማምሻው ባለው ጊዜ ብቻ ነው። በጋ ገብቶ ሳሩ ሲደርቅ መሬቱን በጣቱ እየቆፈረ ሥራሥር ይፈልጋል፤ ይህም ከመንጨት ይልቅ ጊዜና ጉልበት ይፈጃል። እንግዳ የሚበዛውም በዚሁ በበጋ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ማስነሳት ቀላል ቢመስልም፣ በየመኪናው ሲደጋገም ከዕለት ጉርሱ ላይ ይቀነሳል።

ጭላዳው ሰው ለምዷል፣ አይሸሽም የሚሉ አሉ። አለመሸሽ ግን መብላት አይደለም፤ ቀና ብሎ ሰው የሚጠብቅ እንስሳ አይግጥም። ሰው የለመደ ደግሞ ከእጅ መቀበልን ከተማረ፣ የገበሬውን ገብስ ለመድፈርም ያን ያህል አይርቅም። ከዚህ የሚከብደው ክርክር ግጦሹን የጨረሰው ከብት እንጂ ጎብኚ አይደለም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ዩኔስኮ ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባ (እስከ 2017 ከዚያ አልወጣም) እርሻና ልቅ ግጦሽ ከምክንያቶቹ ነበሩ። ነገር ግን ከብትህን ከሳሩ አርቅ የተባለው ገበሬ፣ ከፍሎ የገባው እንግዳ መንጋውን ሲያሳድድ ካየ ሕጉን በምን ልቡ ያከብራል?

ገቢ ይቀንሳል የሚለውም አያሳምነኝም። በሜክሲኮ ሳን ኢግናሲዮ በግራጫው ዓሣ ነባሪ ጉብኝት የሚተዳደሩ ዓሣ አጥማጆች አሉ፤ በአንድ ጊዜ የሚገቡት ጀልባዎች ቁጥር የተወሰነ፣ የውሃውም ከፊል ለጀልባ የተዘጋ ነው፤ እንግዳው ግን አልቀረም። እኛም ዘንድ ፎቶ አንስቶ በዕለቱ ጎንደር የሚመለስ ሰው ለደባርቅ የሚተወው ጥቂት ነው። ፓርኩ ውስጥ ሳንቃበርና ግጭ የሚያድር ግን ባለበቅሎውን፣ አብሳዩንና አስጎብኚውን ይዞ ይሄዳል። መንጋውን ሳያቋርጡ ለማየት አዲስ በጀት አያሻም፤ ስካውቱ እንግዶቹን ከመኪናው እንደወረዱ ራቅ ብለው እንዲቀመጡ ያድርግ፣ ካሜራው ይቆይ። ብዙም ሳይቆይ መንጋው ራሱ እየነጨ፣ እየተንፏቀቀ ወደተቀመጡበት ይጠጋል።