ለእንግዳ የሚቀርብ ሳምቡሳ

ወሎ ሰፈር ውስጥ እንግዳ ለራት በጠራችሁ ጊዜ ከዋናው ምግብ አስቀድማችሁ ሳምቡሳ ልታቀርቡ ብታስቡ፣ በመስተዋት ሣጥን ተደርድሮ የዋለውን አትግዙ። መልኩ ቢያምርም የምስሩ እርጥበት ሊጡን ያላሽቀዋል። መንገድ ዳር ዐይናችሁ እያየ የሚጠበሰውን ምረጡ፤ ዘይቱ ያልጠቆረ፣ ሊጡ ስስ፣ ቃሪያ ያልተሰሰተበት ይሁን።

ለእንግዳ ክብር የሚሆነው ሥጋ ያለበት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ጾመኛው አይነካውም፤ ሙስሊሙም ሥጋው በማን እንደ ታረደ ሳያውቅ አይቀምሰውም፤ ለመጠየቅም ያፍር ይሆናል። በሁዳዴም ሆነ በረመዳን ማፍጠሪያ የሚፈለገው የምስር ሳምቡሳ ግን ሁለቱንም ከአንድ ሳህን ያበላል። ብቻ በላስቲክ አታስቋጥሩት፤ በወረቀት ተጠቅልሎ በትኩሱ ቤት ይድረስ።