«ታክሲዬ ልጄን ራሷን ያሳምማታል»

የዛሬው ደብዳቤ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ጸሐፊው ስማቸው እንዳይወጣ ጠይቀዋል። አሳጥረን እነሆ።

«ጤና ይስጥልኝ። የላዳ ታክሲ ሹፌር ነኝ፤ መኪናዋም የራሴ ናት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጠዋት ሳስነሳት ‘ትክ ትክ ትክ’ ትላለች፤ ስትሞቅ ዝም ትላለች። እኔም ዝም አልኩ። ግን ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ ‘አባዬ፣ ራሴን አመመኝ’ ማለት ጀመረች። ከወረደች በኋላ ይለቃታል። ጋራዥ ብወስዳት ‘የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል’ ተባልኩ። መካኒኩ ሞተሩ ገና እየጋለ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ ሲታገል ሁለት ብሎን ቀነጠሰ። አሁን ‘ቴስታታ ቀይር’ ይለኛል። እኔ ደግሞ ‘የሰበርከው አንተ!’ እለዋለሁ። ተኳርፈናል። መኪናዋ ቆማለች፤ እንጀራዬም አብሮ ቆሟል። ጥፋተኛው ማን ነው?»

ወንድሜ፣ ከጥፋተኛው በፊት ከልጅዎ እንጀምር። ከሚያፈስ ማኒፎልድ የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ይኼ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሲበዛ ይገድላል። መስኮት ከፍቶ መንዳት መፍትሔ አይደለም። ልጅዎን ሐኪም ያሳዩ፤ የመኪናውንም ነገር ይንገሩት። እስኪጠገን ደግሞ እሷንም ተሳፋሪም አይጫኑ።

ትክትክታው ሲሞቅ የሚጠፋው ድኖ አይደለም። ብረት ሲግል ይለጠጣል፤ ክፍተቱን ለጊዜው ይደፍነዋል። በቃ፣ ይኼው ነው።

አሁን ወደ ብሎኖቹ። ማኒፎልዱን የያዙት ራስ የሌላቸው ብሎኖች ናቸው፤ ስተድ ይባላሉ። አንዱ ጫፍ ቴስታታው ውስጥ ይገባል፣ በሌላው ዳዶ ይታሰራል። ዕድሜ ልካቸውን ሲግሉና ሲቀዘቅዙ ስለሚኖሩ ዝገት ይነክሳቸዋል። የላዳ ቴስታታ ደግሞ አሉሚኒየም ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ ጉልበት አይወድም።

ሥራው ትዕግስት ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ማታ ይቀባ፣ ጠዋት ይደገም። ዳዶው በ13 ቁልፍ ትንሽ ይጠበቅ፣ ትንሽ ይፈታ፤ ወደፊት ወደኋላ እያሉ ማባበል ነው። ሳይሰበር የቀረ ስተድ ሁለት ዳዶ ይገባበትና እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ከዚያ የውስጠኛውን ዳዶ ሲፈቱት ስተዱ አብሮ ይወጣል።

የተሰበረው ጉቶው ብቅ ካለ፣ ላዩ ላይ ዳዶ ይበየድበታል። የብየዳው ሙቀት ዝገቱን ያላቅቀዋል፤ ሲበርድ በቀስታ ይፈታል። ግን ልብ ይበሉ! በላዳ ካርቡሬተሩ ያለው በዚያው ጎን ነው። እሱ ከነማኒፎልዱ ሳይወርድ፣ የተቀባው ዘይት ሳይጠረግ፣ ባትሪውም ሳይነቀል እሳት አይቀርብም።

አፍ ለአፍ ከተሰበረ መሐሉ በነጥብ ተመቶ፣ ከቀጭን ትራፓኖ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይበሳል። ትራፓኖው ከመሐል ከሸሸ አሉሚኒየሙን ይበላል። መካኒክዎ እጁን ካላመነ ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ይሂድ። እዚያ ጥርሱ ቢበላሽም ቀዳዳው ሰፍቶ የብረት ጥርስ ይገባለታል። ቴስታታው እስካልተሰነጠቀ ድረስ ለሁለት ብሎን ብሎ መቀየር ቁንጫ ለመግደል ጎጆ ማቃጠል ነው።

ሲገጠም ስተዶቹም፣ ዳዶዎቹም፣ ጓርኒሲዮኑም ሁሉም አዲስ ይሁኑ። መዳብ የተቀባ ዳዶ ካገኙ እሱን ይግዙ፤ ቶሎ አይነክስም። የማኒፎልዱ ፊት አለመጣመሙ በቀጥ ያለ ብረት ይታይ። ስተዱ ሙቀት የሚችል ቅባት ተቀብቶ በእጅ ይግባ። ዳዶው ከመሐል ወደ ዳር፣ በየተራ ይጠበቅ፤ ልኩ ከ21 እስከ 26 ኒውተን ሜትር ነው። ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ይታይ።

ጥፋቱስ? ያረጀ ስተድ በጎበዝ እጅም ይሰበራል፤ ለዚያ መካኒክ አይወቀስም። ሞተሩ እየጋለ፣ ዘይት ሳይቀባ፣ በቧንቧ መታገል ግን የእሱ ጥፋት ነው። እርስዎም ትክትክታውን ለወራት ሰምተው ዝም ብለዋል። ስለዚህ የተሰበሩትን ማውጫ እሱ ይቻል፤ ዕቃውን እርስዎ ይግዙ። ሁለታችሁም ባለሙያ ናችሁ፤ ቡና ተጠራሩና ተስማሙ። ለወደፊቱ ግን «ቢሰበርስ በማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት ይነሳ።

ልጅዎ «አባዬ፣ ዛሬ አላመመኝም» ስትል ይጻፉልን። መልካም መንገድ!