«ተጠንቀቁ» ማለት ዲዛይን አይደለም

«ጎበዝ ፕሮግራመር ከሆንክ ቁጥርህን ራስህ አረጋግጥ፤ ረዳት ፈንክሽን ለሰነፍ ነው።» እንዲህ የሚሉን ታላላቆች አሉን። ሐዋሳ ላይ ኮምፒውተር ተምሮ ይህችን ምክር በማኪያቶ ሳያወራርድ የተመረቀ ያለ አይመስለንም። እኛ ግን ምክሯ ስህተት ብቻ ሳትሆን አደገኛ ናት እንላለን። የሚከራከረን ካለ ሜዳው ይኸው።

መጀመሪያ ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ። ድራይቨር ማለት ስክሪኑን፣ ካሜራውን፣ የትኛውንም ዕቃ ከኮምፒውተሩ ወይም ከስልኩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ዕቃው የራሱ ሜሞሪ አለው። ቪዲዮ ማጫወቻው ለእያንዳንዱ ምስል ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት ማለታችን ነው) ደጅ ከሚጠና፣ ያንን ሜሞሪ በቀጥታ እንዲያነብና እንዲጽፍበት ይፈቀድለታል። ኤምማፕ የሚባለው ይህ ነው። ድራይቨሩ «ከዚህ እስከዚህ ያንተ ነው» ብሎ ቆርሶ ይሰጠዋል።

ቡሹሎን ሰው የሚያውቃት በጤና ጣቢያዋና በሐይቁ ነው፤ ስለ ከርነል ከዚህ ሲጻፍ የሚስቅ እንዳለ እናውቃለን። ይሳቅ። ግን እዚህ ሰፈር ቦታ ተለክቶ ችካል ሲተከል ያየ ሰው፣ አንድ ችካል ከተንሸራተተ ጎረቤት እንደሚቆረስበት ማንም አያስተምረውም። በሜሞሪ ዓለም ጎረቤቱ የይለፍ ቃልህ ነው፣ ፎቶህ ነው፣ ሲከፋም ራሱ ከርነሉ ነው።

መሬቱ የሚለካው በገጽ ነው፤ አንድ ገጽ ብዙውን ጊዜ 4096 ባይት። ጠያቂው ፕሮግራም ሁለት ቁጥር ያመጣል፦ ከየት ልጀምር፣ ስንት ልውሰድ። ድራይቨሩ ሁለቱን ደምሮ ከዕቃው ሜሞሪ እንዳያልፍ ማየት አለበት። መደመር ምን ይከብዳል? የሚከብደው የኮምፒውተር ቁጥር ጫፍ ስላለው ነው። የመብራት ቆጣሪ 99999 ላይ ሲደርስ ወደ 00000 እንደሚዞረው፣ ይሄም ይዞራል። ተንኮለኛው ሆን ብሎ ግዙፍ መነሻ ይሰጣል፣ ድምሩ ሞልቶ ይዞርና ትንሽ ይሆናል፣ ድራይቨሩም «ትንሽ ናት፣ ትለፍ» ይላል።

ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው የሊኑክስ የስክሪን ድራይቨር ጉድለት ልክ ይሄው ነበር፤ አንድሮይድ 4.1.2 የተጫነባቸው የሞቶሮላ ስልኮች ሙሉ ሥልጣን የተወሰደባቸው በዚሁ ቀዳዳ ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 2005 ዓ.ም፣ የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 2 እና ኖት 2 ጉድ ወጣ። ኤክሲኖስ ሜም የሚባለው በር ለማንኛውም አፕ ክፍት ነበር፤ በእሱ የገባ የስልኩን ሜሞሪ በሙሉ ማንበብና መጻፍ ይችላል። እነዚህን የጻፉት ሰነፎች ናቸው? «ተጠንቀቁ» የሚላቸው አለቃ አጥተው ነው? በዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች ውስጥ የተቀመጠ መሐንዲስ ያልቻለውን ጥንቃቄ፣ መብራት በመጣ ሰዓት እየተሻማ የመመረቂያ ሥራውን ከሚጽፍ ልጅ መጠበቅ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

ያ ልጅ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። የሌላ ሰው ድራይቨር ከፍቶ የኤምማፑን ክፍል ይገለብጣል፣ ስሙን ይቀይራል፣ ይለጥፋል። ቀዳዳው አብሮ ይገለበጣል። ልጁን አንወቅስም፤ መገልበጥን ግዴታ ያደረገውን አሠራር እንጂ።

የቆየው አሠራር «ሪማፕ ፒኤፍኤን ሬንጅ» ይባላል። አምስት ነገር ንገረኝ ይላል፤ ከአምስቱ ግማሹን የሚያውቀው ራሱ ከርነሉ ሆኖ ሳለ። ሊነስ ቶርቫልድስ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም «ቪኤም አዮማፕ ሜሞሪ» የተባለውን ረዳት ፈንክሽን ጨመረ። ይሄኛው ከከርነሉ የመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ከድራይቨሩ ሁለት ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ የዕቃህ ሜሞሪ ከየት ይጀምራል፣ ርዝመቱስ ስንት ነው? ይህን ደግሞ የዕቃው ባለቤት በእርግጠኝነት ያውቃል። የቀረውን ፈንክሽኑ ይጨርሳል። በጣም የምንወድለት ነገር የጠያቂውን ሁለት ቁጥሮች አለመደመሩ ነው፤ ይቀንሳል። መነሻው ከጠቅላላው እንደማይበልጥ ያያል፣ ከጠቅላላው ላይ ይቀንሰዋል፣ የተረፈው ለተጠየቀው ይበቃ እንደሆነ ያስተያያል። መነሻው ቀድሞ ስለተመረመረ መቀነሱ አይዞርም። አንድ ቦታ ላይ አንዴ በትክክል ተጻፈ፣ የስክሪኑም ድራይቨር የተጠገነው ወደዚሁ ተዛውሮ ነው።

«ፍጥነት ይቀንሳል» የሚሉም አሉ። ወንድሞቻችን፣ ምርመራው የሚደረገው ሜሞሪው ሲቆረስ አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ በቀጥታ ነው የሚያነበው፤ ፈንክሽኑ መንገድ ላይ የለም። ሁለት ሦስት ማነጻጸሪያ ለመቆጠብ ቤቱን ሳይቆልፍ የሚያድር ሰው ካያችሁ አሳዩን።

የምናምንላቸው ነገርም አለ። ረዳት ፈንክሽን ተአምር አይሠራም። ዕቃህ 100 ባይት ብቻ ቢኖረውም የሚቆረሰው ሙሉ ገጽ ነው፤ በቀሪው ገጽ ላይ ምን እንደተቀመጠ ማወቅ ያንተ ሥራ ነው። ለግራፊክስ ካርድና ለመሳሰሉት ጠባየ ብዙ ዕቃዎች ደግሞ አሮጌው መንገድ ያስፈልጋል። ያስፈልግ፤ ግን ለየት ላለ ጉዳይ የሚወጣ መሣሪያ ይሁን እንጂ ለጀማሪ የሚታደል አይሁን።

የከርነሉ ሰዎች ራሳቸው ወዴት እንደሄዱ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ሊኑክስ 6.16 «ኤምማፕ ፕሪፔር» የሚባል አዲስ መንገድ ገብቷል። ድሮ ከርነሉ በግማሽ የተሠራውን የሜሞሪ ይዞታ ለድራይቨሩ አስረክቦ «እንደፈለግህ አድርገው» ይል ነበር። አሁን ድራይቨሩ የሚፈልገውን አስቀድሞ ይናገራል፣ የሚሠራው ከርነሉ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ መሄጃው ያው ነው፦ ከድራይቨር ጸሐፊው እጅ ላይ አደገኛውን ማንሳት።

ስለዚህ ዘንድሮ ድራይቨር ይዛችሁ ለምትመረቁ፦ የዕቃችሁ ሜሞሪ ተራ አንድ ወጥ ክልል ከሆነ፣ የለጠፋችሁትን የኤምማፕ ኮድ ሰርዙና በአንዲት መስመር ተኩት። መምህራኖቻችንም ሥራውን ስትገመግሙ «በደንብ አረጋግጠሃል?» ከማለታችሁ በፊት «ለምን ራስህ ደመርከው?» ብላችሁ ጠይቁልን።