መኪናችንን ኢንሹራንስ አስገብተን እጃችንን ረሳን

በገበያ ገጽ ላይ ስለ ቡና፣ ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ብረታ ብረትና ስለ ዶላር ምንዛሪ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኔ ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ግን በየቢሯችን ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ማንም ዋጋውን የማይጠይቀውን ዕቃ ነው፤ ኪቦርድን። «ከኮምፒውተሩ ጋር ተመርቆ የመጣ» እየተባለ ይታለፋል። ደረሰኙም፣ ዲክላራሲዮኑም፣ የባንክ ደብዳቤውም፣ የጨረታ ሰነዱም የሚያልፈው ግን በእርሱ ላይ ነው።

በአንድ አስመጪ ቢሮ ሒሳብ ስሠራ ብዙ ዓመታት ቆይቻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሰኔ 30 ሒሳብ መዝጊያ ሰሞን፣ የቀኝ እጄ አንጓ የሻይ ብርጭቆ ማንሳት እስኪያቅተው ድረስ ታመመ። ሐኪሙ ለዐሥራ አምስት ቀን እጄን እንዳሳርፍ አዘዘ። ሒሳብ መዝጊያ ደግሞ ቀጠሮ አያራዝምምና ቢሮው ጊዜያዊ ሠራተኛ ቀጠረ። ለእርሱ የተከፈለው ገንዘብ ብቻ በቢሯችን ካሉት ኪቦርዶች ሁሉ ዋጋ ይበልጥ ነበር። መኪናውንና መጋዘኑን ኢንሹራንስ ያስገባን ሰዎች፣ ገቢው ሁሉ የሚያልፍበትን እጅ ረስተነዋል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዛሬ የምንጠቀምበት የፊደል አደራደር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1874 ሬሚንግተን ኩባንያ ለገበያ ካቀረበው የክሪስቶፈር ሾልስ የጽሕፈት መኪና ነው። የቁልፎቹ ረድፎች ፈንጠር ፈንጠር ብለው የተዛነፉት ከሥራቸው ያሉት የብረት ዘንጎች እንዳይጋጩ ነበር። ዘንጎቹ ከጠፉ ስንት ዘመናቸው! መዛነፉ ግን እስከ ዛሬ አለ። ሁለት እጅ በአንድ ጠባብ ገበታ ላይ ሲገናኝ ክንድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አንጓ ወደ ውጭ ይጣመማል። ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድ ይህን ያስቀራል። ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ ትከሻ ልክ ይቀመጣል፤ አንጓም ቀጥ ይላል። መድኃኒት ነው አላልኩም። የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ። እጅን አጣሞ ከመሥራት ግን ቀጥ አድርጎ መሥራት እንደሚሻል ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ታዲያ ለምን ገዝተን አንገላገልም? እንደ ልብ የሚታዘዙት የተከፈሉ ኪቦርዶች ዋጋቸው የሚያስደነግጥ ነው፤ ከ300 ዶላር በላይ የሚጠየቅባቸው አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዶላርን በብር ማባዛት ለሁላችንም የለመድነው ራስ ምታት ሆኗል። ስለዚህ በእጄ ልሠራው ወሰንኩ።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። በእያንዳንዱ ወገን 21፣ በድምሩ 42 ቁልፍ። ማብሪያ ማጥፊያዎቹ አንዱ በ50 ሳንቲም ሒሳብ 21 ዶላር። 42 ዳዮድ፣ 1ኤን4148 የሚባለው ተራው ዓይነት፣ 2 ዶላር ገደማ። አእምሮ ሆነው የሚያገለግሉ ሁለት ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ገበያ ላይ በዋለበት በ4 ዶላር ዋጋ ሲታሰብ 8 ዶላር። የቁልፍ ክዳን፣ ሽቦ፣ ኬብልና ማቀፊያ 30 ዶላር። ድምር 61 ዶላር፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨምር። ማቀፊያውን የሠፈራችን አናጢ ከቀጭን ኮምፔርሳቶ ቆረጠልኝ፤ 14 ሚሊሜትር በ14 ሚሊሜትር የሆኑ 42 አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች።

አሠራሩ ለነጋዴ የሚገባ ብልሃት አለው። ለ21 ቁልፍ 21 ሽቦ ወደ አእምሮው መሳብ አያስፈልግም። ቁልፎቹ በ4 ረድፍና በ6 ዓምድ ይያያዛሉ፤ 10 ሽቦ ይበቃል። ልክ እንደ ሒሳብ መዝገብ ነው፤ ረድፉንና ዓምዱን ያወቀ ሰው ቁጥሩ የት እንዳለ ያገኛል። አእምሮው ዓምዶቹን በየተራ በከፍተኛ ፍጥነት ይጠይቃል፤ የትኛው ረድፍ እንደመለሰ አይቶ የተነካውን ቁልፍ ይለያል። ዳዮዱ ደግሞ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርግ ዘበኛ ነው። እርሱ ባይኖር ሦስት ቁልፎች በአንድነት ሲነኩ ያልተነካ አራተኛ ቁልፍ እንደተነካ ሊቆጠር ይችላል። በደረሰኝ ላይ ያልነካኸው ቁጥር ሲጨመር ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

ሁሉን በስታኞ አያይዤ ስጨርስ ኪቦርዱ ሠራ፤ የላቲኑ «ኤን» ቁልፍ ብቻ አልመልስ አለ። በድምፅ ዘዴ ለሚጽፍ ሰው «ኤን» የለም ማለት «ነ» ከነቤተሰቡ የለም ማለት ነው። አማርኛ እየጻፉ «ነው» ማለት አለመቻልን አስቡት! አንድ ምሽት ሙሉ ፈልጌ አጣሁት። በማግስቱ ሞባይል ለሚጠግን የሠፈር ልጅ ወሰድኩለት። ቴስተሩን ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገና «ጋሼ፣ ይቺ ዳዮድ እኮ ተገልብጣለች» አለኝ። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። የጠየቀኝን ከፈልኩ፤ አልተከራከርኩም። የከፈልኩት ለደቂቃዋ ሳይሆን ለዕውቀቱ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ማዘዙ ነው። ኪው ኤም ኬ የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ፣ ማንም ሊያሻሽለው የሚችል ነው። በእርሱ እያንዳንዱ ቁልፍ ምን እንደሚልክ ባለቤቱ ይወስናል። እኔ አንድ የአውራ ጣት ቁልፍ ተጭኜ ስይዝ በቀኝ እጄ ሥር ያሉት ፊደላት እንደ ካልኩሌተር ቁጥር ይሆናሉ፤ ሦስት ዜሮ በአንድ ጊዜ የሚጽፍ ቁልፍም አለኝ። ለአማርኛ ደግሞ ትልቅ ጥቅም አገኘሁ። በድምፅ ዘዴ አንድ ፊደል ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ይነካል፤ ራብዕን የሚያመጣው «ኤ» ደግሞ በተለመደው ገበታ ላይ የተቀመጠው በግራ ትንሿ ጣት ሥር፣ በደካማዋ ነው። አማርኛ ስጽፍ ወደ አውራ ጣት አዛወርኩት፤ እንግሊዝኛ ስጽፍ ወደ ቦታው ይመለሳል። ፊደሉን አማርኛ የሚያደርገው እንደ ወትሮው በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሶፍትዌር ነው።

እዚህ ላይ ለደላሎችና ለአክሲዮን አገናኞች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ከተከፈተ ወዲህ የግዢና የሽያጭ ትእዛዝም የቁልፍ ሥራ እየሆነ ነው። አንድ ቁልፍ ረጅም ትእዛዝ እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል፤ ስለሚቻል ብቻ ግን አይደረግም። ማጽደቂያውን በአንድ ቁልፍ አታድርጉ፤ ክርን ቢነካው ገንዘብ ይሄዳል። የይለፍ ቃል ደግሞ ፈጽሞ በኪቦርድ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ቁልፉን የነካ ሁሉ ያወጣዋል። ሁለቱን ወገን የሚያገናኘው ኬብል የጆሮ ማዳመጫ ዓይነት ከሆነም ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ አትንቀሉት፤ ሲነቀል እሳቱ ተገናኝቶ አእምሮውን ሊያቃጥል ይችላል።

«እሺ፣ አተረፍክ ወይ?» የሚል ይኖራል። ያልተገላበጠ ያራል ይባላልና ሒሳቡን በሁለቱም ወገን ልገልብጠው። ሦስት ቅዳሜና እሁድ፣ 30 ሰዓት ያህል ፈጅቶብኛል። ሰዓቴን በ5 ዶላር ብገምተው 150 ዶላር ነው። ከ61 ጋር ሲደመር 211። ለሦስት ሳምንት ደግሞ የጽሕፈት ፍጥነቴ በግማሽ ወርዶ ነበር። ስለዚህ «ርካሽ ነው» ብዬ አላታልላችሁም። ርካሹ ዕቃው ነው፤ ውድ የሆነው ሥራው ነው። ውጭ አገር 300 ዶላር የሚያስጠይቀውም ፕላስቲኩ ሳይሆን ያው እኔ 30 ሰዓት ያጠፋሁበት የእጅና የዕውቀት ሥራ ነው።

ትርፉ ሌላ ቦታ ነው ያለው። አንድ ቁልፍ ቢበላሽ በ50 ሳንቲም እቀይረዋለሁ እንጂ ሌላ ኪቦርድ ለማስመጣት ወረፋ አልጠብቅም። ሁለተኛውን ብሠራ 30 ሰዓት አይፈጅብኝም። ያ ዳዮድ ያገኘልኝ ልጅ ቢሠራው ደግሞ ከእኔ እጅግ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። እኛ ዶላር ከፍለን የምናስመጣውን የእጅ ሥራ እርሱ በመንገድ ዳር ተቀምጦ በብር ይሸጣል፤ የሚያዘው ሰው ብቻ ነው ያጣው።

የቢሮ ባለቤቶች ሆይ፣ ለሠራተኛው ሁሉ በአንድ ቀን ቀይሩ አልልም። ብዙ የሚጽፈውን አንድ ሰው ምረጡ፤ ሥራ ቀዝቀዝ በሚልበት ወር ይሞክረው፤ ከተስማማው ሁለተኛውን እዘዙ። በመዝገባችሁ ላይ ግን ኪቦርዱን ከወረቀትና ከእስክሪብቶ መደብ አውጡት። ገበሬ ማረሻውን ከማገዶ ጋር አይቆጥርም።