ሠራተኛው ሰነፍ ነውን?

«የአገራችን ሠራተኛ ሥራ አይወድም፤ ዛሬ ተቀጥሮ ነገ ጥሎ ይሄዳል» የሚለውን ወቀሳ ዘወትር እንሰማለን። በመማሪያ ክፍላችን ውስጥ ሲደገም ሰምተን ዝም ያልንበት ጊዜም አለ። እኛ ግን ፍርዱ የተገለበጠ ነው እንላለን።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በአገራችን በሚገኙ 5 ድርጅቶች ሥራ ለማግኘት ያመለከቱ 1,000 ያህል ሰዎችን በዕጣ ለይተው ተከታትለው ነበር። በ2010 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፣ የፋብሪካው ሥራ ከደረሳቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ ዓመቱ ሳይሞላ ለቀቁ። እዚህ ላይ ንባቡን ያቆመ ሰው ወቀሳው እውነት ነው ይል ይሆናል። ነገር ግን ጥናቱ ሌላም ነገር ይነግረናል። የፋብሪካው ደመወዝ ሰዎቹ በውጭ በጥቃቅን ሥራ ከሚያገኙት አይበልጥም ነበር፤ በጤናቸው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ጨምሮ ተገኝቷል። እንግዲህ ሥራውን የለቀቀው ሰው ሒሳቡን ዐስቦ ነው እንጂ ሰንፎ አይደለም።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ይህንኑ ይመሰክራል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ዘገባ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ፋብሪካዎቹም በመጀመሪያው ዘመናቸው በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኛቸውን በሙሉ የሚተኩ ያህል ሆነው ነበር። ከገጠር የመጣች ወጣት በዚህ ገንዘብ የቤት ኪራይ ከፍላ፣ በልታና ለብሳ፣ ለወላጆቿ የምትልከው ምን ይተርፋታል?

«አገሪቱ ድኻ ናት፤ ከዚህ በላይ መክፈል አይቻልም» የሚሉ አሉ። ታዲያ በየጊዜው አዲስ ሰው መቅጠርና ማሠልጠን፣ እጁ እስኪፍታታ ድረስም የሚበላሸው ጨርቅ ወጪ አይደለምን? ደግሞስ አቤቱታን መስማት፣ ሠራተኛን ከመስደብ መቆጠብ ስንት ገንዘብ ይጠይቃል? ገበሬ እንኳ በሬውን ሳያበላ አይጠምድም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። የሠራተኛ ማኅበራትም ወለሉ እንዲወሰን አዋጁ ከወጣ በኋላ ደጋግመው ጠይቀዋል። ጥያቄያቸው የእኛም ጥያቄ ሊሆን ይገባል፤ ቃሉ በአዋጅ ወረቀት ላይ ብቻ ከቀረ ጠኔን አያስታግስምና።

መምህሮቻችንን የምንለምነው፣ ስለ ሥራ ትጋት ሲያስተምሩን ስለ ሥራው ሁኔታም አብረው እንዲያስተምሩን ነው። ነገ ከእኛ መካከል ሥራ አስኪያጁና የሠራተኛ አስተዳደር ሹሙ ይወጣሉ። የመልቀቂያ ደብዳቤ በጠረጴዛችን ላይ ሲከመር «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ከማንሣታችን በፊት፣ «እኔ ብሆን በዚህ ደመወዝና በዚህ አያያዝ ስንት ወር እቆይ ነበር?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።